መዝገብ የሚመረጠው በሚሰጠው መልስ ነው

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶች ቃል ከማንም ይልቅ ለነጋዴ የሚስማማ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ አዝዞ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. የተተካው አዲሱ ሕግም ይህንኑ ግዴታ አጽንቶታል። አሁን መዝገቡ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር በመዛወር ላይ ስለ ሆነ፥ አስመጪውም ላኪውም ባለሱቁም «የትኛውን የመረጃ ቋት መሣሪያ ልምረጥ?» ማለቱ አይቀርም። በዚህ ነገር ያለኝን አሳብ ለክቡራን አንባብያን ለማቅረብ እወዳለሁ።

ሻጮች መሣሪያቸው የሚሠራውን ብዙ ሥራ ይቆጥራሉ። እኔ ግን ለነጋዴ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ የሚጻፍበት ገጽ አቀማመጥ ነው እላለሁ። መዝገብ የሚጠቅመው በተጻፈ ጊዜ ሳይሆን በተጠየቀ ጊዜ ነውና። ከካራቆሬ ማሾና ማሽላ ሰብስቦ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ነጋዴ «ከጥር ወዲህ ቀብድ ወስዶ እህሉን ያላስረከበ ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፥ መልሱ በዚያው ሰዓት ካልተገኘ ለዚያው ሰው ሁለተኛ ቀብድ ሊከፍል ይችላል።

ጥያቄ ለመጻፍ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፥ ቻምበርሊንና ቦይስ የተባሉ የአይ ቢ ኤም ሊቃውንት በ1974 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት፥ ዛሬ ኤስ ኪው ኤል የሚባለው ቋንቋ ነው። ሁለተኛው፥ የዚያው ኩባንያ ባልደረባ ሞሼ ዝሉፍ ያሳየው፥ በባዶ ሠንጠረዥ ላይ የሚፈለገውን በምሳሌ እየሞሉ መጠየቅ ነው። ማይክሮሶፍት አክሰስ ይህን ሁለተኛውን የሚመስል ገጽ ስላለው፥ ቋንቋውን ላልተማረ ጸሐፊ መልካም መነሻ ነው፤ ነገር ግን ጥያቄውንና መልሱን ለማየት ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው መመላለስ ያስፈልጋል። ዲቢቨርና ሃይዲ ኤስ ኪው ኤል ግን ሠንጠረዦቹን በግራ፥ ጥያቄውን ከላይ፥ መልሱን ከታች ባንድነት ያሳያሉ። ሁለቱም ያለ ዋጋ ይገኛሉ፤ ይሁን እንጂ እንደ ማይ ኤስ ኪው ኤል ያለውን ቋት የሚከፍቱ እንጂ ራሳቸው ቋት አይደሉም። ጥያቄውን ሲያርሙ መልሱ ከዓይን ካልራቀ ስሕተት ቶሎ ይታወቃልና፥ በየቀኑ የሚጠይቅ የንግድ ቤት ጸሐፊውን ቋንቋውን አስተምሮ ይህን ዓይነቱን ቢይዝ ይሻላል።

የቱም ቢመረጥ አስቀድሞ በገዛ አገራችን ነገር ሊፈተን ይገባል። በመዝገቡ «ኃይሉ» ተብሎ የተጻፈውን ባለዕዳ «ሐይሉ» ብለው ቢጠይቁ መሣሪያው ሁለት ልዩ ስሞች አድርጎ ስለሚያያቸው «የለም» ይላል። ይህ መልስ ስሕተት መሆኑን የሚያመለክት ምንም ምልክት ስለሌለው፥ ዕዳው በጸጥታ ተሠውሮ ይቀራል። መድኃኒቱ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ቍጥር ሰጥቶ በቍጥሩ መጠየቅ ነው። ቀኑም እንዲሁ ነው። የኛን አቈጣጠር በፈረንጅ ቀን ዓምድ ውስጥ ቢያስገቡ፥ በፈረንጆች ሁለተኛ ወር 30ኛ ቀን ስለሌለ ጥቅምት 30 ቦታ ያጣል፤ 13ኛ ወር ስለሌለም ጷጉሜን ይገፋል ወይም በሌላ ቀን ይነበባል። ስለዚህ ቀኑን፥ ወሩንና ዓመቱን በየራሳቸው ዓምድ በቍጥር ማስፈር ይበጃል።

በመጨረሻም፥ ዘወትር የሚጠየቁት ጥያቄዎች «ያልተከፈለ ዱቤ»፥ «ያልተረከበ ቀብድ» እየተባሉ በአማርኛ ስም ይቀመጡ። ይህ ሲሆን ጸሐፊው ቢታመም ወይም ሥራ ቢለውጥ ባለቤቱ ራሱ ከፍቶ ያያል። የመዝገቡን አፍ አንድ ሰው ብቻ የሚከፍተው ከሆነ፥ የንግዱ ጌታ ባለገንዘቡ መሆኑ ቀርቶ ያ ሰው ይሆናል። እኔም የነጋዴ ጸሐፊ ስሆን ይህን የምለው፥ መልካም ጸሐፊ የሚመሰገነው እርሱ በሌለበት ቀን መዝገቡ ሲናገር መሆኑን ስለማምን ነው።