ሶፉን የምትከፍቱት ከምን ሸሽታችሁ ነው?



ጣቶቻቸው ያጠሩ አባት ለሶላት ሲቆሙ፣ ከጎናቸው የአንድ ሰው ቦታ ትተው የሚሰለፉ ወጣቶች አሉ። ለምን ሲባሉ ሐዲሥ ይጠቅሳሉ፤ ከሥጋ ደዌ ሕመምተኛ መራቅን የሚያዘውን። ሐዲሡን ቡኻሪ ዘግበውታል፣ እሺ። የዚያኑ ሐዲሥ መጀመሪያ ግን ማን ቆረጠው? በሽታ በራሱ ኃይል እንደማይተላለፍ የተነገረው እዚያው ላይ ነው። ሙዐይቂብ የተባሉት ሶሐባ ይህ ሕመም እንደነበረባቸው ተዘግቧል፤ ዑመር (ረ.ዐ) ግን በይተል ማልን በአደራ ሰጥተዋቸዋል። እናንተ የሶፍ ቦታ ነፈጋችሁ!

ደግሞስ ምኑን ነው የምትሸሹት? የዘር እርግማን አይደለም። ኖርዌጂያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን ባክቴሪያውን ያገኘው እ.ኤ.አ በ1873 ነው፤ በስሙ የተሰየመ የምርምር ተቋምም አዲስ አበባ ውስጥ አለ።

ባክቴሪያው የሚሸሸገው ሽዋን በሚባሉ ሴሎች ውስጥ ነው። የእጅና የእግራችን የነርቭ ክር ብቻውን አልተተወም። እነዚህ ሴሎች እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ ይጠመጠሙበታል። ይነጋገራሉም፦ ክሩ ልባሱ ምን ያህል መወፈር እንዳለበት በኬሚካል መልእክት ይነግራቸዋል፤ እነሱ ይመግቡታል፣ ቢቆረጥ ፍርስራሹን ጠርገው እንደገና የሚያድግበትን መንገድ ይመሩታል። ሱብሓነላህ! ባክቴሪያው እነዚህን ረዳቶች ሲወር፣ ሰውነትም ሊዋጋው ሲነሳ፣ ነርቩ ይጎዳል፤ ስሜት ይጠፋል። ጣትን በሽታው አይበላውም። የጋለ ጀበና ሲያቃጥል አይሰማም፣ ጫማ ሲያቆስል አይሰማም፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ጣቱም ቀስ በቀስ ያጥራል።

የእኚያ አባት ጣት እንግዲህ የቆየ ጉዳት ነው። ሕክምና የጀመረ ሰው በሽታውን አያስተላልፍም። ካልታከመ ሰውም ቢሆን የሚተላለፈው ለረጅም ጊዜ ተቀራርቦ በመኖር ከአፍና ከአፍንጫ በሚወጣ ፍንጣቂ ነው እንጂ በመጨባበጥ ወይም ትከሻ ለትከሻ በመቆም አይደለም። አብዛኛው ሰው ደግሞ በተፈጥሮው ይቋቋመዋል።

ጉዳት የሚያመጣው የእናንተ ሽሽት ነው። ቆዳው ላይ ሲነካ የማይሰማው ነጣ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ያየ ልጅ፣ ያንን ክፍት ሶፍ አይቶ ይደብቃል። መድኃኒቱ በነፃ ነው፤ እንደ ሕመሙ ዓይነት 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል። ባክቴሪያውን ይገድላል፣ የሞተ ነርቭን ግን አይመልስም። ጣቱን የሚወስዱበት የደበቀባቸው ጊዜያት ናቸው።

ነገ ለፈጅር ስትመጡ ክፍተቱን ዝጉ። ምልክቱን ያየ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ብቻውን መሄድ የከበደው ይንገረኝ፣ አብረን እንሄዳለን።