አያታችሁ የት ተወለዱ?

121 ለ 0። የትየባ ስህተት አይደለም፤ የቅርጫት ኳስም አይደለም። የፊሊፒንስ የራግቢ ብሔራዊ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2013 ጃፓን ሄዶ የተሸነፈበት ውጤት ነው። እኛ አገር ቢሆን ቲክቶክ ለአንድ ወር ሌላ ወሬ አይኖረውም ነበር። ቡድኑ ግን አልፈረሰም። በዚያው ውድድር አረብ ኤምሬትስን አሸንፎ በእስያ ዋናው ዲቪዚዮን ቆየ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በሰባት ሰው በሚካሄደው አጭሩ ራግቢ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ጨዋታዎችን ወርቅ ወሰደ።

ራግቢን ለማታውቁት ባጭሩ፦ ኳሷ እንቁላል ትመስላለች፣ በአንድ ወገን 15 ሰው ይሰለፋል፣ በእጅ ማቀበል የሚቻለው ወደ ጎንና ወደ ኋላ ብቻ ነው። ወደፊት መሄድ ከፈለግህ ይዘህ ትሮጣለህ፣ ወይም በእግርህ ትመታለህ። ኳስ የያዘውን ሰው ጠልፎ ሳይሆን አቅፎ መጣል ይፈቀዳል። እኔን የሳበኝ ግን ይሄ አይደለም፤ ማን ለየትኛው አገር መጫወት እንደሚችል የሚወስነው ሕግ ነው።

በራግቢ ለብሔራዊ ቡድን ለመሰለፍ በመደበኛው ሕግ ፓስፖርት አይጠየቅም፤ ኦሊምፒክ ሲሆን ግን ዜግነት ያስፈልጋል። እዚያ አገር መወለድ፣ ወይም ከወላጆች አልያም ከአያቶች አንዳቸው እዚያ መወለዳቸው፣ ወይም እዚያው አምስት ዓመት ሳያቋርጡ መኖር ይበቃል። የመኖሪያው ጊዜ ቀድሞ ሦስት ዓመት ነበር፣ አገሮች ተጫዋች እየሸመቱ ነው ተብሎ ከ2022 ጀምሮ አምስት ሆነ። የአያት ነገር ግን አልተነካም።

ፊሊፒንስ ቡድኗን የሠራችው በዚህ በር ነው። ከ2013ቱ ተጫዋቾች ብዙዎቹ አውስትራሊያና እንግሊዝን በመሳሰሉ አገሮች ያደጉ የፊሊፒናውያን ልጆች ነበሩ። ዱባይ ወይም ቤይሩት ሠርታ የተመለሰች እህት ያላችሁ ፊሊፒኖዎችን ታውቋቸዋላችሁ፤ በየአገሩ ለሥራ የተበተነ ሕዝብ ነው። እንደኛው ማለት ነው። እነሱ ግን የተበተነውን ልጅ መልሰው ማሊያ አለበሱት። በራግቢ ብቻም አይደለም። በ2003 ዜጎቻቸው ሌላ ዜግነት ቢይዙም የፊሊፒንሱን መልሰው እንዲያገኙ የሚፈቅድ ሕግ አወጡ። በ2023 የሴቶች የእግር ኳስ ቡድናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ዋንጫ ገብቶ አዘጋጇን ኒውዚላንድን 1 ለ 0 ሲረታ፣ ጎሏን ያገባችው ካሊፎርኒያ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልመለስ። ልደታ ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ፍርድ ቤቱ ነው፤ ስሙ ግን ከእመቤታችን ልደት የመጣ ነው። እኔ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ክረምት ሲገባ ከውጭ የሚመጡ ልጆች ይበዛሉ። አማርኛቸው ሰበር ሰበር ይላል፣ እንጀራው ላይ ግን አይታሙም። ከሰፈሩ ልጆች ጋር በቆሙ መኪኖች መሐል ኳስ ይጫወታሉ፣ አንዳንዶቹ ጉድ ናቸው። እናቶቻቸው ቦርሳ ውስጥ ቢጫ ካርድ አለ። የዳኛው አይደለም፤ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው መታወቂያ ነው። ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ያሠራል። ለመምረጥና ለመመረጥ አያበቃም። የዋልያዎቹን ማሊያም አያስለብስም፤ ምክንያቱም ፊፋ የሚጠይቀው ዜግነት ነው፣ በእኛ አዋጅ ቁጥር 378/1996 ደግሞ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ሰው የኢትዮጵያን ያጣል።

ቴዎዶር ገብረሥላሴን አስታውሱት። አባቱ ኢትዮጵያዊ ነው። ተወልዶ ያደገው ቼክ ነው፣ ለቼክም ተጫወተ፣ በ2012ቱ የአውሮፓ ዋንጫም አየነው። ምርጫው የሱ ነው፤ ላገሩ ተጫወተ፣ ምንም አይባልም። እኔን የሚቆጨኝ እንደሱ ያለ ልጅ ኢትዮጵያን ልምረጥ ቢል ያደገበትን ዜግነት ጥለህ ና የምንለው መሆኑ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ማን ያደርገዋል?

«ታዲያ እዚህ ያለው ልጅስ? ቦታውን ለዲያስፖራ ይልቀቅ?» የሚል አስተያየት ከታች እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ልክም ነው። ከውጭ በመጡ ልጆች ብቻ የቆመ ቡድን 121 ለ 0ን ያያል፤ ፊሊፒንስም አይታዋለች። ያሸነፈቻት ጃፓን ራሷ በ1995ቱ የዓለም ዋንጫ በኒውዚላንድ 145 ለ 17 ተቀጥቅጣ ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የነበረችውን ደቡብ አፍሪካን 34 ለ 32 አሸነፈች። በመሐሉ ያለው የትምህርት ቤት፣ የዩኒቨርሲቲና የኩባንያ ቡድኖች ሥራ ነው፤ ሜዳ ነው፤ በየዓመቱ የማይቀር ውድድር ነው። በዚያ ቀን አምበሏ የነበረው ማይክል ሊች ደግሞ ኒውዚላንድ የተወለደ፣ በ15 ዓመቱ ጃፓን ሁለተኛ ደረጃ ሊማር የመጣ ልጅ ነው። የመጣው ልጅ ጥሩ የሆነው የሚጫወትበት ትምህርት ቤት ስላገኘ ነው።

ስለዚህ ሁለቱን ነው የምጠይቀው። ልደታ ላለው ልጅ መኪና የማይቆምበት ሜዳ ይሰጠው። ክረምት ለሚመጣው ደግሞ ቢያንስ ለስፖርት ሲባል ሕጉ በር ይክፈትለት። ጥምር ዜግነት ከባድ የፖለቲካ ጉዳይ ነው ይባላል፣ ይሁን፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ተከላካይ ግን የአገር ደኅንነት ስጋት አይመስለኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። ነገ አንዱ ልጅ ተነስቶ በራግቢው ሕግ ለኢትዮጵያ ልጫወት ቢል የአያቱን የትውልድ ቦታ በማስረጃ ማሳየት አለበት። እኛ አገር ደግሞ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱ ስንቶቹ አያቶች «ጣሊያን በወጣ በዓመቱ» ከማለት ሌላ ማስረጃ አላቸው? አያታችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬ ማታ የት እንደተወለዱ ጠይቋቸው፣ በስልካችሁም ቅዱት። ከቻላችሁ ወረዳ ወስዳችሁ የልደት ሰርተፍኬት አውጡላቸው፤ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ጠዋት ሂዱ።