ትራስና መጋረጃ የገበሬ ማኅበሩም ጉዳይ ነው

ልጁን ለመዳር የሚሰናዳ የገጠር ቤተሰብ ከወረዳው ከተማ ገበያ ይዞ ከሚመለሳቸው ዕቃዎች መካከል የተዘጋጀ ትራስና መጋረጃ ቦታ እያገኙ መጥተዋል። ከሩቅ ፋብሪካ የመጣ የናይሎን መጋረጃ በሱቅ ደጃፍ ተሰቅሎ ዓይን ይስባል፤ ገበሬውም ጤፉን ሰፍሮ ወይም በጉን ሸጦ ይገዛዋል። በዚያው ገበሬ ጓዳ ውስጥ ግን ባዘቶ በቁና ተቀምጧል። እንዝርት የምታሾር እናት አለች፤ የመሶብ ጌጥ ሳትሳሳት ቆጥራ የምትሰፋ ልጅ አለች፤ ጥቂት ራቅ ብሎም ሸማኔው ከጉድጓዱ ተቀምጦ የሚያሠራው ሰው ይጠብቃል።

ይህ ነገር በገበሬ ማኅበር ስብሰባ ላይ ቢነሳ ብዙውን ጊዜ «የሴቶች ጉዳይ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ከማዳበሪያ ዕዳ፣ ከእርከን ሥራና ከመንገድ ጥገና ጎን ትራስ ምን ሊባል ነው ብሎ የሚስቅም አይጠፋም። ይሁንና በቤት ውስጥ የሚሰፋ ትራስና መጋረጃ ለቤተሰቡ ጠቃሚ ወይም ጎጂ እንዲሆን የሚወስነው መርፌ የያዘችው እጅ ብቻ አይደለም። ጨርቁ ከየት እንደሚመጣ፣ ክሩ በምን ዋጋ እንደሚገኝ፣ የትኛው ከረጢት ወደ ቤት እንደሚገባና የትኛው እንደማይገባ የሚወሰነው በማኅበሩ መጋዘንና በማኅበሩ ሱቅ ነው። ስለሆነም ጉዳዩ በቀጥታ መሪዎቹን ይመለከታል።

ከሁሉ አስቀድሞ መነሳት ያለበት የከረጢቱ ነገር ነው። «ማዳበሪያ» የሚለው ቃል በገጠር ለአፈሩ የሚሰጠውን ብቻ ሳይሆን ባዶውን ከረጢት ጭምር መጠሪያ ከሆነ ቆይቷል። እህል በማዳበሪያ ይጫናል፤ ከሰል በማዳበሪያ ይሸጣል፤ በመጨረሻም ጭድ ይጠቀጠቅበትና አፉ ተሰፍቶ ትራስ ወይም ፍራሽ ይሆናል። ቁጠባው አይነቀፍም። ነገር ግን ይህ ከረጢት ላብ አይመጥም፤ የፊት ቆዳ ይፍቃል፤ ውስጡ ላስቲክ ያለው ከሆነም ጭዱ ታፍኖ ይሻግታል። ከዚህ እጅግ የሚብሰው ፀረ ተባይ መድኃኒት የተያዘበት ወይም መድኃኒት የተቀባ ዘር የመጣበት ከረጢት ነው። የተቀባ ዘር ብዙውን ጊዜ በቀይ ወይም በሮዝ ቀለም ይለያል። ከረጢቱ ሲታጠብ ቀለሙ ለቀቀ ማለት ግን መርዙ ለቀቀ ማለት አይደለም። ውሃና ሳሙና ይቀንሰው እንደሆነ እንጂ ለመጥፋቱ ዋስትና አይሰጥም፤ ያጠበችው ሴት እጅ ነክቶታል፤ እጣቢው ወደ ወንዙ ወርዷል፤ ሕፃኑም ሌሊቱን ሙሉ ጉንጩን አስደግፎ ሲተኛ በቆዳውና በትንፋሹ ይወስደዋል።

በዚህ እናቲቱ የምትወቀስበት ምክንያት የለም። በከረጢቱ ላይ የታተመው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በባዕድ ቋንቋ ነው፤ የአደጋ ምልክቱም ከረጢቱ እጅ በእጅ ሲዘዋወር ይደበዝዛል። መድኃኒቱንና ዘሩን ቆጥሮ ያወጣ የመጋዘን ኃላፊ ባዶውንም ቆጥሮ መረከብ አለበት። የተረከበውን በቢላ ሸንትሮ ለሌላ አገልግሎት እንዳይውል ማድረግ፣ የግብርና ባለሙያው አወጋገዱን እስኪያሳይ ድረስም ከእህል በራቀ ቦታ ቆልፎ ማቆየት ይጠበቅበታል። በወጪ መዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ መጨመር እንጂ ሌላ በጀት የሚጠይቅ ሥራ አይደለም።

ወባ ባለባቸው ቦታዎች ደግሞ ሌላ ነገር ይታያል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ለገጠሩ ሕዝብ በሰፊው ታድሏል። አጎበር ስስና ብርሃን የሚያሳልፍ ስለሆነ ላየው ሰው ለመስኮት የተፈጠረ ይመስላል። ስለዚህም ተቀዶ መጋረጃ የሚሆን፣ ተጠቅልሎም ትራስ ውስጥ የሚገባ አለ። መስኮት ላይ የተሰቀለ አጎበር ግን በበሩና በጣሪያው ሥር ባለው ክፍተት የምትገባውን የወባ ትንኝ አያስቆምም፤ ቦታው ከመኝታው በላይ ሆኖ ጫፉ ከፍራሹ ሥር መወተፍ አለበት። ይህን በተመለከተ በስብሰባ ላይ ማስጠንቀቂያ መስጠት የተለመደ ነው። በማኅበሩ ሱቅ በመጠነኛ ዋጋ አቡጀዲ ቢገኝ ግን ከማስጠንቀቂያው ይልቅ ብዙ አጎበር ይተርፍ ነበር።

ስለ አሠራሩ ሲነሳ፣ ጥሩ ትራስ ሁለት ልብስ አለው። አንደኛው መሙያውን የሚይዘው የውስጥ ልብስ ሲሆን ድሩና ማጉ ጠበቅ ካለ ጨርቅ ይሰፋል፤ ሁለተኛው እየወለቀ የሚታጠበው የላይ ልብስ ነው። በብዙ ቤት የሚሠራው ስሕተት ሁለቱን አንድ ማድረግ ነው። ተሰፍቶ የተዘጋ ትራስ አይታጠብም፤ ላብና ቅባት እየጠጣ ይከርማል፤ ትኋንም በስፌቱ እጥፋት ውስጥ ይራባል። ለአንድ ሰው ወርዱ 50፣ ቁመቱ 70 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትራስ ይበቃል፤ በክንድ ለሚለካ ወርዱ አንድ ክንድ፣ ቁመቱ አንድ ክንድ ከስንዝር መሆኑ ነው። የላይኛውን ልብስ ከዚህ ሁለት ጣት ያህል ማስፋት፣ አንዱን ጫፍም አንድ ስንዝር አስረዝሞ ወደ ውስጥ ማጠፍ ቁልፍ መግዛትን ያስቀራል። አዲስ ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት መታጠብ አለበት፤ ሳይታጠብ የተቆረጠ አቡጀዲ በመጀመሪያው እጥበት ይኮማተርና ትራሱ አልገባ ይላል።

መሙያው እንደ አገሩ ነው። በቆላ ጥጥ አለ። ፍሬው በመዳመጫ የወጣለትና በደጋን የተነደፈ ጥጥ ከሁሉም ይለሰልሳል፤ ለፈትል የማይሆነው አጭርና የተበጣጠሰ ጥጥ ለትራስ ይበቃል። አንድ ኪሎ የሚጠጋ አንዱን ትራስ ይሞላል። ከጊዜ በኋላ ተጠቅጥቆ እንደ ድንጋይ ሲጠጥር ያረጀ መስሎት የሚጥለው ሰው አለ። አውጥቶ ፀሐይ ማስመታትና እንደገና መንደፍ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። በደጋ የበግ ጠጉር አለ። በመንዝ ጠጉር ፈትሎ ባናና ዝተት መሥራት የቆየ ሙያ ነው፤ ለባና የማይሆነው ቁርጥራጭ በሙቅ ውሃና በሳሙና ቅባቱ ወጥቶለት፣ በጥላ ደርቆና በእጅ ተፍታትቶ ጥሩ የትራስ መሙያ ይሆናል። ካልታጠበ ይሸታል፤ ብልም ይበላዋል። ሁለቱም በሌሉበት የጤፍ ጭድ አለ፤ ከስንዴና ከገብስ ጭድ ይለሰልሳል። ከአውድማ የመጣው ጭድ አቧራው በወንፊት ተነፍቶ ካልወጣለት በተለይ አስም ያለበትን ሰው ያስጨንቃል። ጭድ በየመኸሩ መለወጥ አለበት፤ አሮጌው ወደ ፍግ ጉድጓድ ይሄዳል፣ አዲሱ ይገባል።

የላይኛው ልብስ ለዓይን ማማር ብቻ የሚሰፋ አይደለም። ትራኮማ ከሕፃን ወደ ሕፃን በእጅ፣ በዝንብ፣ በፊት መጥረጊያ ጨርቅና በመኝታ ልብስ ይተላለፋል። በአንድ ትራስ ሦስትና አራት ልጆች በሚተኙበት ቤት የአንዱ ዓይን ሲታመም የሌሎቹ ይከተላል። ለየልጁ ትንሽ ትራስ፣ ለየትራሱም ሁለት ሁለት የላይ ልብስ ቢኖር አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይለበሳል። ውሃ ለመቅዳት ሁለት ሰዓት ለምትጓዝ ሴት ግን ይህ ምክር የቅንጦት ወሬ ሊመስላት ይችላል፤ አይፈረድባትም። ስለ ንጽሕና የሚናገር መሪ የምንጩን ጉዳይ ከስብሰባው አጀንዳ ማውጣት አይችልም።

የገጠር መጋረጃ ከከተማው ይለያል። የሣር ክዳን ጎጆ መስኮት አይኖረውም፣ ወይም ጠባብ ነው፤ ስለዚህ መጋረጃው የሚሰቀለው በጓዳው መግቢያ ወይም በአልጋው ፊት ነው። በአንድ ክፍል ለሚያድር ቤተሰብ፣ ለአራስ እናትና ለደረሰች ልጅ ይህ መከለያ ክብር ነው። በቆርቆሮ ቤት ደግሞ በመስኮቱ ላይ ይውላል። ወርዱ ከሚሸፍነው ቦታ አንድ ተኩል ወይም ሁለት እጥፍ ካልሆነ ሲዘጋ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። ከላይ ሽቦ ወይም ሸምበቆ የሚገባበት እጥፋት፣ ከታች አንድ ጋት ያህል እጥፋት ይተውለታል። የታችኛው ክብደት ይሰጠዋል፤ ጨርቁ ሲያጥርም ይፈታል።

ምድጃው በዚያው ቤት ከሆነ ነፋስ ቢገፋው እንኳ ነበልባል በማይደርስበት ርቀት መሰቀል አለበት፤ ኩራዝም ከሥሩ አይቀመጥም። ጥጥም ይነዳል፤ ናይሎን ግን እየቀለጠ በሰው ገላ ላይ ስለሚጣበቅ ቃጠሎው የከፋ ነው። ነጭ መጋረጃ በወር ውስጥ ከጠቆረ ደግሞ ይህን ያህል ጢስ በእናትየውና በጀርባዋ ባዘለችው ሕፃን ሳንባ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ቤት ከአዲስ መጋረጃ በፊት የጢስ መውጫና የተሻሻለ ምድጃ ይፈልጋል። በከብቱና በአልጋው መካከል መጋረጃ ሰቅሎ በረቱን ለየሁ ማለትም አይቻልም።

ስለ ጌጡ ጥቂት ይባል። በገጠር ሴት ዘንድ ስፌት ማለት አስቀድሞ የስንደዶና የአክርማ ሥራ ነው። በአለላ መሶብ ላይ ጌጥ የምታወጣ ሴት ዙሩን የምትይዘው በቁጥር ነው፤ የጨርቁን ድርና ማግ ቆጥሮ መጥለፍም ከዚህ የራቀ አይደለም። ስለዚህ ከከተማ የመጣ የወፍና የአበባ ንድፍ ለመገልበጥ መድከም አያስፈልግም፤ የመሶቡና የጥለቱ ጌጥ ለትራስ ይበቃል። እርግጥ ነው፣ ልጃገረዶቹ ቢጠየቁ ወፉን የሚመርጡ ይኖራሉ፤ መብታቸው ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ ፊደል የቆጠሩ ብዙ የገጠር ሴቶች የተማሩትን የሚጽፉበት አጥተው ረስተውታል። በትራስ ጠርዝ ላይ «ደህና እደሩ» ብሎ መጥለፍ እጅን ከፊደል ጋር ያቆያል። ጥልፉ ጉንጭ ከሚያርፍበት መሐል ይልቅ በጠርዙ ይሁን። ቀለም ያለው ክር ከመጠለፉ በፊት በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይታሽ፤ ነጩን ካቀለመው ሥራውን ሁሉ ያበላሻል።

መሪዎቹ ምን ያድርጉ ሲባል ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ የስፌት መኪና ማስመጣት ነው። መኪናው አይጠላም። የእግር መኪና ኤሌክትሪክ በሌለበት ይሠራል፤ በእጅ ቀን የሚፈጀውን የመጋረጃ ጠርዝ በጥቂት ጊዜ ይጨርሳል። ሆኖም መርፌው ስለተሰበረ ወይም ጠፍሩ ስለተበጠሰ በአዳራሽ ጥግ አቧራ ለብሶ የሚቀመጥ መኪና አለ። ደህናው መኪና ደግሞ ቁልፉ በሊቀመንበሩ ኪስ ስለሚውል ብቻ የማይነካበት ጊዜ አለ። ቁልፉን ሴቶቹ በተራ ይያዙት፤ ለዘይት፣ ለመርፌና ለጠፍር የሚሆን ጥቂት ገንዘብም አስቀድሞ ይመደብ። ይህ ካልሆነ መኪናው ባይመጣ ይሻላል። ከመኪናው የሚቀድመው ጨርቁ ነው። ጨውና ሳሙና የሚያመጣ የኅብረት ሥራ ሱቅ አንድ ጣቃ አቡጀዲ፣ የጥልፍ ክር፣ መርፌና ጥቂት መቀስ ቢጨምር፣ እያንዳንዷ ሴት ለሁለት ሜትር ጨርቅ ብላ ከነጋዴ ጋር አትከራከርም።

ሽያጭን አስቀድሞ ማለም ግን ያሳስታል። ጎረቤቶች ሁሉ ትራስ ከሰፉ ገዢው ማን ነው? የመጀመሪያው ትርፍ ለናይሎኑ መጋረጃ ሊወጣ የነበረው ገንዘብ በቤት መቅረቱ ነው። ከዚያ ወዲያ ጥልፋቸው የሚያምር ሴቶች ለከተማ ገበያ ቢሠሩ ገንዘቡ የሚገባው በማን እጅ እንደሆነ ከጅምሩ ይወሰን። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በመሬት ድልድል የፆታ ልዩነት እንዳይደረግ ደንግጎ ነበር፤ በማኅበራቱ መዝገብ ላይ የሠፈረው ግን በአብዛኛው የአባወራው ስም ነበር። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በአማራ ክልል በተሰጠው የይዞታ ደብተር የባልና የሚስት ስም በአንድነት ገብቷል። የመሬቱ ደብተር ሁለት ስም ከያዘ፣ የጥልፉ ሒሳብ በጠለፈችው ስም ቢያዝ አዲስ ነገር አይሆንም።

ጊዜውም መመረጥ አለበት። በሐምሌና በነሐሴ አረሙ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳው ሴቲቱን ይፈልጋታል፤ በነዚህ ወራት የጥልፍ ትምህርት መጥራት እሷን ማድከም ነው። የሚመቸው ከጥር ማለቂያ እስከ መጋቢት ሲሆን፣ ለከርሞው የጥር ሠርግ የሚሆነውም ያኔ መጀመር ይኖርበታል። ጨርቁ እስከ የካቲት መግቢያ እንዲደርስ ደግሞ የተለየ ጉዞ አያስፈልግም፤ የማኅበሩን እህል አራግፎ ባዶውን የሚመለሰው መኪና ጣቃውን ይዞ መመለስ ይችላል።