ከፍትፍቱ ፊቱ

ባለፈው ሰንበት፣ ቅዳሴ ተፈጽሞ ሕዝቡ ከአራዳ ጊዮርጊስ ደጀ ሰላም ሲወጣ፣ ከአጥሩ ሥር ካርቶን አንጥፎ ላስቲክ ተከናንቦ ያደረውን፣ ዕድሜው ከዐሥራ አምስት የማያልፍ ብላቴና «እንደምን አደርክ፣ ልጄ?» ስለው፣ እጁን ለሳንቲም በመዘርጋት ፈንታ፣ ሰላምታው የተላከው ለሌላ ሰው መስሎት ወደ ኋላው ዞሮ ተመለከተ፤ ቀጥሎም «እኔን ነው፣ ጋሼ?» አለኝ።

የቤተ ሰቡንና የከብቱን፣ የአዝመራውንም ሳይቀር ደኅንነት እየዘረዘርን የምንጠያየቅ ሕዝብ ሆነን ሳለን፣ ለበረንዳ አዳሪው ልጅ ከአንደበታችን የሚደርሰው «ዘወር በል» የሚለው ቃል ብቻ መሆኑ፣ ከምጽዋታችን ማነስ ይልቅ ሊያሳፍረን ይገባል። አበው «ከፍትፍቱ ፊቱ» ማለታቸው፣ ፊት የተነሣው ሰው የጎረሰው እንደማይዋጥለት ስላወቁ ነው።

ከቤቱ ርቆ የሚለምን ወጣት ለሀገራችን አዲስ አይደለም። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ የሚቆመው የቆሎ ተማሪ፣ ውሻው ቢያባርረው ረኃቡም ቢጠናበት፣ ሀገሩንና መምህሩን ጠይቆ ቁራሽ የሚሰጠው ሰው አላጣም፤ የዛሬው ለማኝ የነገ መሪጌታ ሊሆን እንደሚችል ባለ ደጁ ያውቃልና። በረንዳ አዳሪውን ብላቴና ግን ገና ስሙን ሳንጠይቀው «ዱርዬ» ብለን ስለ ሰየምነው፣ ነገው ምን ሊሆን እንደሚችል ለማሰብ ልባችን አልፈቀደም።

ከእርሱ ጋር መነጋገርም ትዕግሥት ይጠይቃል። ከላይ ቆሞ ከመመርመር ይልቅ አጠገቡ መቀመጥ፣ «ለምን ከቤት ጠፋህ?» የሚለውን ጥያቄ እርሱ ራሱ እስኪያነሣው ማቆየት፣ ብርዱንና ረኃቡን ለመርሳት የሚስበው ማስቲሽ በእጁ ቢታይ ተግሣጽን አለማስቀደም፣ ይልቁንም የማይፈጽሙትን ተስፋ አለመስጠት ይገባል፤ ብዙ ጊዜ የተታለለ ልጅ ሰውን የሚያምነው «እመለሳለሁ» ስላለው ሳይሆን ስለ ተመለሰ ነውና።

ይሁን እንጂ መልካም ቃል ብቻውን አያጠግብም። ለዚህም ወይዘሮ አበበች ጎበና አብነት ናቸው፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ በሄዱ ጊዜ፣ ረኃብ ወላጆቻቸውን ከነጠቃቸው የወሎ ሕፃናት ሁለቱን ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ዓመት ሳይሞላም የልጆቹ ቁጥር 21 ደረሰ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ለእጓለ ማውታ ልዩ ጥበቃ እንዲደረግላቸው ይደነግጋል። ነገር ግን በረንዳ አዳሪው ልጅ ጎልምሶ ሥራ ሊለምን ሲወጣ፣ አሠሪው ብዙ ጊዜ የቀበሌ መታወቂያና ተያዥ ይጠይቀዋል፤ መታወቂያው አድራሻን፣ አድራሻው ኪራይን፣ ኪራዩም ደመወዝን ስለሚሻ፣ ልጁ ዞሮ ዞሮ ወደዚያው አጥር ሥር ይመለሳል።

ይህን ቀለበት ለመስበር የሚችለው እንደ ወይዘሮ አበበች ያለ ብርቱ ሰው ብቻ አይደለም። ለሙት ድንኳን የሚተክል፣ ለሐዘንተኛ ወጥና እንጀራ የሚያቀርብ እድር በየሰፈራችን አለ። ስለዚህ በሚቀጥለው የወር ስብሰባ ከአባላቱ አንዱ ተነሥቶ፣ በሰፈሩ በረንዳ የሚያድረውን፣ ስሙንና ጠባዩን ያወቀውን አንድ ወጣት ጠርቶ፣ እድሩ ተያዥ እንዲሆነው ይጠይቅለት። ለሙታን የምንቆመውን ያህል፣ በሕይወት ላለ ለአንድ ልጅ ዋስ መሆን አይከብደንም።