ስንዴ የማይስማማው ልጅ የምሳ ዕቃ

በደሴ ከተማ በቧንቧ ውሃ ሰፈር ጧት ጧት መንገድ ዳር ቆሞ የሚመለከት ሰው፣ የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ደብተራቸውን በጀርባቸው አዝለውና የምሳ ዕቃቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው ወደ ትምህርት ቤት የሚጣደፉ ሕፃናትን ያያል። በነዚያ ትንንሽ ዕቃዎች ውስጥ ምን እንዳለ ብንጠይቅ ከብዙዎቹ የምናገኘው መልስ ተቀራራቢ ነው፤ ዳቦ፣ ብስኩት፣ መኮሮኒ፣ አለዚያም ከመንገድ ዳር የተገዛ ቦንቦሊኖ። ሁሉም የስንዴ ልጆች ናቸው። ስንዴ ለሚስማማው ልጅ ይህ ምንም ነውር የለበትም። ዛሬ ልንነጋገርበት የፈለግነው ግን ስንዴ ስለማይስማማው ልጅ ነው።

በዚሁ ሰፈር የምትኖር አንዲት የምናውቃት እናት አለች። ልጅዋ ሆዱ ይነፋል፣ ተቅማጥ ይመላለስበታል፣ ዕድሜ እኩዮቹ ሲመዝዙ እሱ ባለበት ቀረ። ጎረቤት አንዱ «ወስፋት ነው» አለ፤ ሌላው «ዓይን በልቶት ነው» አለ፤ የወስፋቱም መድኃኒት፣ ጠበሉም፣ ዱዓውም በየተራ ተሞከረ። እናቲቱም ልጅዋ አቅም ያገኝ ብላ ከምንጊዜውም ይልቅ የገብስ በሶና የስንዴ ዳቦ ታበላው ነበር። ብዙ ከተንከራተተች በኋላ አንድ ሐኪም ደሙን አስመርምሮ፣ የልጁን አንጀት የጎዳው ያው የሚበላው ስንዴና ገብስ መሆኑን ነገራት። ይህችው እናት «ልቤ ያረፈው ስሙን ሲነግሩኝ ነው፤ የጨነቀኝ ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። ታዲያ ነገ ጧት በምሳ ዕቃው ምን ልቋጥርለት?» ስትል ጠየቀችን። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን የእርስዋ ጥያቄ ነው።

አስቀድመን ነገሩን እንወቀው። በስንዴ፣ በገብስና ሬይ በሚባለው የፈረንጅ እህል ውስጥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ። የስንዴ ሊጥ ሲለወስ እንደ ላስቲክ የሚሳበው፣ ዳቦውም አየር ይዞ የሚነፋው በዚሁ ምክንያት ነው። ሴሊያክ የሚባለው ሕመም ያለበት ሰው ይህን ፕሮቲን በበላ ጊዜ፣ ሰውነቱ ጠላት የገባበት መስሎት የራሱን ትንሹን አንጀት ይወጋል። የተወጋው አንጀት ደግሞ ምግብን መምጠጥ ይሳነዋል። እንግዲህ ልጁ እየበላ ይራባል ማለት ነው፤ ይከሳል፣ ደም ያንሰዋል፣ ዕድገቱ ይገታል። ሕመሙ የማይተላለፍ ስለ ሆነ ማንም ሊሸሸው አይገባም። መድኃኒቱም አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ግሉተን ያለበትን እህል ዕድሜ ልክ መተው ነው።

ይህ እንዴት እንደ ታወቀ ማስታወሱ ትምህርት ይሰጣል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ በ1944 እና በ1945 እ.ኤ.አ. ክረምት በሆላንድ አገር ታላቅ ረኃብ ሆነ። ዊለም ካረል ዲከ የተባለው የሆላንድ የሕፃናት ሐኪም፣ ስንዴ ስንዴ የሚል ምግብ የሚያሳምማቸው ሕፃናት ዳቦ በጠፋበት በዚያ ጊዜ ሲሻላቸው፣ ዳቦ በተመለሰ ጊዜ ደግሞ ሲብስባቸው አስተዋለ። ጥናቱንም በ1950 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አቀረበ። ሰው ሁሉ በረኃብ ሲከሳ እነዚያ ሕፃናት መወፈራቸው የሚያስደንቅ ነው፤ እንጀራ ለአንዱ ሕይወት ሲሆን ለሌላው ሕመም ሊሆን እንደሚችል ዓለም የተማረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ከዚያች ከሆላንድ ደግሞ ሌላ ወሬ ተሰማ። በ2005 እ.ኤ.አ. የዚያው አገር ተመራማሪዎች የኛን ጤፍ መርምረው፣ ሴሊያክ ያለባቸውን ሰዎች የሚጎዳው ነገር እንደሌለበት በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ አሳተሙ። ከዚህ ወዲህ ጤፍ በአውሮፓና በአሜሪካ መደብሮች በትንንሽ ከረጢት ታሽጎ በውድ ዋጋ ይሸጣል። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ የባለቤትነት መብት እስከ ማውጣት ደርሶ ነበር፤ የሔግ ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. መብቱን ውድቅ አደረገው። ባዕድ ይህን ያህል የተሟገተበትን እህል እኛ ግን በየቤታችን በእንስራና በጆንያ አስቀምጠን፣ ለታመመው ልጃችን ከባሕር ማዶ የመጣ ባለ ካርቶን ብስኩት የምንፈልግ ከሆነ፣ «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የተባለው ለኛ ነው።

እኛ የምንለው እንግዲህ ይህ ነው፤ ስንዴ የማይስማማው ልጅ የሚበላው ምግብ ከወሎ ጓዳ አልጠፋም። የጠፋው ጥንቃቄያችን ነው።

ከምግቡ እንጀምር። ከጤፍ፣ ከማሽላ፣ ከበቆሎ፣ ከዳጉሳ፣ ከሩዝ፣ ከሽምብራ፣ ከባቄላ፣ ከአተር፣ ከምስር፣ ከድንችና ከስኳር ድንች አንዱም በተፈጥሮው ግሉተን የለበትም። የጤፍ ቂጣ ቀጠን ካለ ሊጥ ተጋግሮ፣ ተቆራርሶ በዘይትና በጥቂት በርበሬ ቢታሽ ለመክሰስ የሚበቃ ነው። የጤፍ ሊጥ እንደ ስንዴ አይሳብምና ጠንካራ ሊጥ ለማድረግ መታገል አያስፈልግም፤ እንደ ወፍራም አጥሚት አድርጎ ምጣድ ላይ ማፍሰስ ይበቃል። ከኮምቦልቻ ወዲያ ካለው ቆላ የሚመጣው ማሽላም ለቂጣ የታወቀ ነው።

ጣፋጭ የሚወድ ልጅ ላላት እናት ደግሞ ይህን ብትሞክር እንመክራለን። ሁለት ብርጭቆ የጤፍ ዱቄት፣ አንድ ብርጭቆ ተቆልቶ የተፈጨ ለውዝ፣ ግማሽ ብርጭቆ ስኳር ወይም ማር፣ ሩብ ብርጭቆ ዘይትና ሁለት እንቁላል ቀላቅላ፣ በእጅዋ እያድበለበለች ጠፍጠፍ አድርጋ፣ በለዘበ እሳት ላይ ባለ ምጣድ ከድና ታብስለው፤ ሲጠነክርም ትገልብጠው። በጾም ጊዜ በእያንዳንዱ እንቁላል ፈንታ አንድ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውሃ ዘፍዝፋ ብትጨምር ሊጡን ያያይዘዋል። የሽምብራ ዓሣም አለ። በጾም የምንሠራው ይህ ምግብ፣ የሽምብራ ዱቄት ከጨው፣ ከጥቂት በርበሬና ዘይት ጋር ጠንከር ተደርጎ ታሽቶ፣ በዓሣ መልክ ተቆርጦ የሚጠበስ ነው። ወጡን ትተን ዓሣውን ብቻ በምሳ ዕቃው ብንጨምርለት የማይደሰት ሕፃን አናውቅም። የሽምብራና የበቆሎ ንፍሮ፣ የተቀቀለ ድንችና እንቁላል፣ ፈንዲሻና ሙዝ ደግሞ ብዙ ድካም የማይጠይቁ ናቸው።

ጤፍ በዛሬ ዋጋ ለሁሉ ቤት እንደማይደርስ እናውቃለን። ስለዚህም ነው ማሽላውን፣ በቆሎውንና ድንቹን ከጤፍ እኩል የጠራናቸው። በሰኞ ገበያ የተገዛ ድንች ተቀቅሎ ጨውና ሚጥሚጣ ቢነሰነስበት፣ ከባሕር ማዶ ብስኩት የሚያንስበት ነገር የለም።

አሁን ወደ ጥንቃቄው እንመለስ፤ የሚከብደው ይህኛው ነውና። ለታመመ ልጅ ግሉተን በጥቂቱም ቢሆን ይጎዳል። «ግሉተን የሌለበት» ተብሎ ለሚሸጥ ምግብ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተወሰነው ልክ በአንድ ኪሎ ውስጥ ከ20 ሚሊ ግራም የማይበልጥ ነው። ይህም ከዱቄት ብናኝ የማይሻል መጠን ነው። እንግዲህ በአንድ ወፍጮ ስንዴ ተፈጭቶ ወዲያው ጤፍ ቢከተል፣ ጤፉ ጤፍ መሆኑ ቀርቶ ቅይጥ ሆነ ማለት ነው።

ያቺ የቧንቧ ውሃ እናት ይህን በተረዳች ጊዜ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄዳ «ጋሼ፣ የልጄን ጤፍ ስንዴ ሳይገባ በማለዳ ይፍጩልኝ፤ ይታመምብኛል» ብትላቸው፣ ባለ ወፍጮው «አብሽሪ ልጄ፣ ወፍጮውን ጠርጌ እጠብቅሻለሁ» አሏት። ከዚያ ወዲህ በማለዳ ትሄዳለች፤ መጀመሪያ የወረደውን ጥቂት ዱቄት ለቀረው ቤተሰብ ትለየዋለች፤ የኋለኛውን ለልጅዋ ትይዛለች። አንድ ደግ ቃልና አንድ መጥረጊያ ይህን ያህል ይሠራሉ። ሆኖም ባለ ወፍጮ ሁሉ እንደኒህ ሰው እንዲሆን መመኘት ብቻ አይበቃም፤ በየሰፈሩ ካሉት ወፍጮዎች አንዱ እንኳ ስንዴና ገብስ የማይገባበት ቢሆን ለብዙ ቤት ዕረፍት ነው።

በቤት ውስጥም የሚዘነጉ ነገሮች አሉ። ወንፊቱና መጥበሻው ለልጁ ለብቻው ይሁን። ሳምቡሳ ወይም ቦንቦሊኖ የተጠበሰበት ዘይት የልጁን ዓሣ አይጥበስበት። ከጎረቤት የሚመጣ እርሾ ገብስ ከገባበት ሊጥ የተቀዳ ሊሆን ይችላልና ለልጁ እንጀራ የራሱ እርሾ ይበጅለት። ከገበያ የሚገዛ እንጀራ ጤፉ በምን እንደ ተቀየጠ ሳይጠየቅ አይበላ፤ ማሽላ ወይም ሩዝ ቢቀየጥበት ግድ የለም፤ ስንዴ ወይም ገብስ ከሆነ ግን ለዚህ ልጅ መርዝ ነው። ቆሎም እንደዚሁ ነው። የኛ ቆሎ ያለ ገብስ አይታሰብምና፣ ሽምብራውን፣ ለውዙንና ሱፉን ለብቻ ቆልቶ መቋጠር እንጂ ከተቀላቀለው እየለቀሙ መስጠት አይጠቅምም። አጃም ከስንዴና ከገብስ ጋር እየተዘራና እየተፈጨ ስለሚቀላቀል ያለ ሐኪም ምክር አይሰጥ።

እስካሁን ያልነው ሁሉ በእናት እጅ ያለ ነው። ልጁ ከበር ከወጣ በኋላ ያለው ግን የሁላችንም ነው። በዕረፍት ሰዓት ሕፃናት ክብ ሠርተው ሲቀመጡ የሚያደርጉትን እናውቃለን፤ አንዱ ለሌላው ያቃምሳል፣ ያጎርሳል። ይህን ያስተማርናቸው እኛው ነን፤ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እያልን አሳድገናቸዋል። እንግዲህ ለዚህ ልጅ «ከማንም እጅ አትቀበል» ስንለው፣ ከሆዱ ሕመም አውጥተን ወደ ሌላ ሕመም፣ ማለትም ከጓደኞቹ ክብ ወደ መውጣት እንዳናስገባው እንሰጋለን። ዕቃውን ይዞ ከግድግዳ ሥር ብቻውን የሚበላ ልጅ፣ ውሎ አድሮ ከክቡ ላለመለየት ሲል የተሰጠውን ዳቦ ይጎርሳል። የእናቱም ድካም ሁሉ በአንድ ጉርሻ ይፈርሳል።

መፍትሔው አጠገባችን ይመስለናል። ለዚህ ልጅ የሚቋጠረው ምሳ ለአንድ ሰው አይሁን፤ ለሦስትና ለአራት የሚበቃ ይሁን። ተቀባይ መሆን የማይችለው ልጅ ሰጪ ይሁን። ያ የቧንቧ ውሃ ልጅ ዛሬ የሽምብራ ዓሣውን በየዕለቱ ለጓደኞቹ ያድላል። እናቱ እንደምትለው፣ አሁን የሚያስቸግራት የልጅዋ ብቻውን መቀመጥ ሳይሆን የዓሣው አለመብቃት ነው። ለዚህ ደግሞ ሌሎች ወላጆች ቢያግዙ፣ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ የራሳቸውን ልጅ ዕቃ በንፍሮና በድንች ቢሞሉት፣ ክቡ ለሁሉም የተመቸ ይሆናል።

መምህራንንም አንድ ነገር እንለምናለን። ወላጅ መጥቶ «ልጄ ስንዴ አይስማማውም» ሲል እንደ ቅምጥልነት አይቁጠሩበት። ምገባ ባለባቸው ትምህርት ቤቶችም የሚያበስሉት ሰዎች የልጁን ነገር አስቀድመው ቢያውቁ፣ ድስቱንና ጭልፋውን መለየት ብዙ ወጪ የሚያስወጣ አይደለም።

ከመሰናበታችን በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ይህን ያነበበ ወላጅ ሁሉ ነገ ተነሥቶ ስንዴን ከቤቱ ያባር አላልንም። በሌላው ዓለም ስንዴ መተው እንደ ፋሽን የተያዘበት ጊዜ አለ፤ ለጤነኛ ልጅ ግን ከዳቦ መከልከል ጥቅም የለውም። የሚጠራጠር ወላጅም ልጁን ወደ ሐኪም ያድርስ እንጂ በራሱ ፈቃድ ስንዴውን አያቋርጥ፤ ከምርመራው በፊት ከተቋረጠ የደሙ ምርመራ ሊያሳስትና ሕመሙ ሊሰወር ይችላልና። ምርመራው በየጤና ጣቢያው የሚገኝ ባይሆንም፣ ሆዱ የሚነፋና ዕድገቱ የቆመ ልጅ ያለው ሰው በወስፋት መድኃኒት ብቻ እየተጽናና ዓመታት እንዳያሳልፍ አደራ እንላለን።

ጤፉን አባቶቻችን አቆይተውልናል፤ የሽምብራ ዓሣውንም እናቶቻችን አስተምረውናል። ከኛ የሚጠበቀው ወፍጮውን መጥረግ፣ የሸጥነው እንጀራ በምን እንደ ተቀየጠ እውነቱን መናገርና ለአንዱ ልጅ ስንል ክቡን ሰፋ ማድረግ ብቻ ነው።