አሮጌው ጣራ ሲወርድ

በአሜሪካ አገር የሚኖሩ ምእመናን የቤታቸውን ጣራ ሲያስለውጡ፥ የፍርስራሹ ገንዳ ትልቅ ቢሆን የሚበጅ ይመስላቸዋል። እኛ ግን ከስፋቱ አስቀድሞ ክብደቱ ይታሰብ እንላለን። 100 ካሬ ጫማ የሚሸፍን የሬንጅ ክዳን ከ90 እስከ 160 ኪሎ ይመዝናልና፥ 2,000 ካሬ ጫማ የሆነ ጣራ ከ2 እስከ 3 ቶን ያህል ይወጣዋል፤ ክዳን በክዳን ላይ የተደረበ እንደ ሆነ እጥፍ ነው።

ስለዚህ ባለ10 ወይም ባለ20 ኪዩቢክ ያርድ ገንዳ ለብዙው ቤት ይበቃል። ከውሉ በፊት ግን የተፈቀደው ክብደት ስንት እንደ ሆነ፥ ለትርፉም በቶን ስንት እንደሚከፈል መጠየቅ ይገባል። ገንዳው ከአፉ በላይ አይሞላ፤ ሚስማሩም ከግቢው ይለቀም።

ሙሴ በዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው የጣራውን ዙሪያ ይከልል ዘንድ ያዘዘው ስለ ሰው ደም ነው። የጎረቤትን ልጅ እግር የሚወጋ ሚስማርም ከዚህ ትእዛዝ አይርቅም።