ቅዝቃዜው ሳይጫን

የፀዳ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የዕድሜ እኩዮቼ፣ ከደጃችን ወደ ጎንደር የሚወጣው ወተትና በየዳሱ የምናቀርበው ወጥ እያሳሰበኝ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እናቶቻችን ማቀዝቀዣ አልነበራቸውም፤ ጥሬ ነገር ግን ሩቅ አይልኩም ነበር። ወተቱን በወይራ በታጠነ ቅል አርግተው፣ ቅቤውን አንጥረው፣ ሥጋውን ቋንጣ ዘልዝለው ነው ያቆዩት። እኛ ጥሬውን ማጓጓዝ ለመድን፤ ቅዝቃዜውን አልጫንም። የማታውን ወተት ከጧቱ ጋር በአንድ ቢጫ ጀሪካን ቀላቅለን በባጃጅ እንልካለን፤ አዘዞን አልፎ ከተማ እስኪገባ ፀሐዩ ይበረታል። የጀሪካኑ አፍ ጠባብ ነው፣ እጅ አያስገባም፤ ጥጉ ላይ የቀረው የትናንት ወተት ለዛሬው እርሾ ይሆናል።

ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት አንዳንድ ባክቴሪያ በ20 ደቂቃ እጥፍ ይሆናል። «ሲፈላ ይሞት የለ?» ትሉኛላችሁ። ማፍላትማ ግድ ነው፤ ከከብት ሳንባ ነቀርሳና ከብሩሴላ የሚያድነን እሱ ነው። ነገር ግን ወተቱ ሞቆ ሲቆይ መርዝ የሚተው ባክቴሪያ አለ፤ እሱ በእሳት ቢሞትም መርዙ አይጠፋም። እባካችሁ፣ የማታው ወተት አፈ ሰፊ በሆነ የብረት ዕቃ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ለብቻው ይደር።

በዐቢይ ጾም ከጎርጎራ የሚመጣው ዓሣስ? በሞቃት አገር ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ ያስፈልጋል፤ እዚህ የምናየው ግን እርጥብ ጆንያ ነው። ጉንጩን ገልጣችሁ ውስጡን እዩ፤ ቅላቱ ጠፍቶ ከጠቆረ፣ ዓይኑም ከሰረጎደ አትግዙ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ድግሱ ነው። ቅዳሜ ማታ የተሠራው ዶሮ ወጥ በትልቅ ብረት ድስት ተከድኖ ያድራል። ዳሩ ሲቀዘቅዝ መሐሉ ለብ እንዳለ ይነጋል። እሑድ ጧት ሞቅ ይደረግና ይቀርባል፤ ቢበላሽም በርበሬውና ቅመሙ ሽታውን ስለሚሸፍነው አፍንጫም አያውቀውም። የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ እንዲህ ለብ ብሎ መቆየት የለበትም። ማቀዝቀዣ ካለ በትንንሽ ዕቃ ተከፋፍሎ ይግባ፤ ከሌለ ሌሊት ተነሥቶ መሥራት ይሻላል። የሚሞቀውም እስኪፍለቀለቅ ይሙቅ።

እድራችን ድንኳን፣ አግዳሚና ድስት ሞልቶታል። የበረዶ ሣጥንና የምግብ ሙቀት መለኪያ ግን የለውም። በመጪው ስብሰባ ከመዋጮው ላይ ይገዛ ብዬ እጠይቃለሁ፤ ደግፉኝ። አጠቃቀሙን እዚሁ ፀዳ ካለው የጤና ሳይንስ ኮሌጅ መምህራን ልጆቻችን ይማሩልን። እስከዚያው ለሐዘን ቤት የሚሄደው ወጥ በዕለቱ ይሠራ።